በዓል የማያውቅ መጥረጊያ

ሰው ካላወዳደረ አያርፍም። በኛ አገር ደግሞ ይብሳል። ላሊበላ የሚመጣ እንግዳ ገና ከመኪና ሳይወርድ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ከቤተ ክርስቲያኖቹ የቱ ይበልጣል?" አስጎብኚ ጓደኛዬ "አሁን የቆሙበት" ብሎ ይመልስና መንገዱን ይቀጥላል። እኛ የአገሩ ልጆችም ከእንግዳው አንሻልም። የሁለት ዲያቆናትን ድምፅ እናወዳድራለን። የሁለት በሬዎችን ጫንቃ እናወዳድራለን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ፊታችንን አጨፍግገን፣ የዛሬውን ለቅሶ ንፍሮ ካለፈው ሳምንት ለቅሶ ንፍሮ ጋር እናወዳድራለን።

የየሺ ለቅሶ ንፍሮ ጨው በዝቶበት ነበር አሉ። እኔ አልቀመስኩትም።

የሺ ሚስቴ ናት። ነበረች ማለት እንዳለብኝ ሰዋስው ያስተማረኝ መምህር ቢነግረኝም እጄ እሺ አይለኝም። ሕመሟ አጭር ነበር። ልጃችን ማህሌት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ከዚህ በላይ ስለሱ ብጽፍ እናንተንም አደክማለሁ፣ እኔም ወጉን ሳልጨርስ እቀራለሁ፤ ስለዚህ ስለ መጥረጊያ ላውራችሁ።

የሺ ቤት ስትጠርግ መጀመሪያ በጣቶቿ ውሃ ትረጫለች። አቧራው ጋደም ይላል። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ አንድ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ ከጓዳ ወደ በር እየጠረገች ትመጣለች። እኔ ዱካ ላይ ተቀምጬ ከሆነ እግሬን አነሣለሁ። ሳላነሣ ከቀረሁ እግሬንም አብራ ትጠርገዋለች። "ምነው?" ስላት "አንተም ከቆሻሻው ነህ እኮ" ትላለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ታንጎራጉራለች፤ ዜማውን አውቀዋለሁ፣ ግጥም ግን አልነበረውም። አሁን አንዳንድ ቀን ባዶ ቤት ውስጥ እግሬን አንሥቼ እገኛለሁ።

ዘመኑ የአንድ ለአምስት ዘመን ነበር። መቼም የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ፤ ያላያችሁት ደግሞ አንዱ ጎረቤት አምስቱን እየመራ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድም ስለ ማዳበሪያም ስለ ጽዳትም የሚሰበሰብበት ጊዜ ነበር ብል ይበቃችኋል። የሺ የአምስቱ መሪ ነበረች። ስብሰባ ላይ እምብዛም አትናገርም፤ ግን አምስቱ ሴቶች ቤቷን አይተው ሲመለሱ የየራሳቸውን ቤት እንደገና ይጠርጉ ነበር። በራችን ላይም "ሞዴል ቤተሰብ" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሞዴሏ ሄደች፣ ወረቀቱ ቀረ።

አሁን ወደ ነገሩ እየገባሁ ነው፤ ታገሡኝ።

በተዝካሩ ቀን ከተበላና ከተጠጣ በኋላ የየሺ እናት እማማ ዘውዴ ተነሥተው ቆሙ። እማማ ዘውዴ ከላሊበላ ወጣ ብላ ያለችው የገነተ ማርያም ሰው ናቸው። አጭር ናቸው፤ ግን ሲቆሙ ሌላው ሁሉ የተቀመጠ ይመስላል።

"ልጅቷን ልውሰዳት" አሉ። "ሞላን አልጠላሁትም። ጥሩ ልጅ ነው። ግን የወንድ ቤት ቤት አይደለም፣ ማደሪያ ነው። አቧራ ላይ ልጅ አያድግም።"

ሞላ እኔ ነኝ። ልናገር ብድግ አልኩ። ያወጡኝ የንስሐ አባታችን መምሬ ይመር ናቸው።

"እስከ እናቷ ሙት ዓመት ካባቷ ጋር ትቆይ" አሉ። "ያን ጊዜ ቤቱንም ልጅቷንም አይተን እንወስናለን።"

ፈተና ተሰጠኝ ማለት ነው። የአሥረኛ ክፍልን ፈተና እንኳ እንዲህ አልፈራሁትም ነበር፤ እሱን ብወድቅ የምቀጣው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዬ እንዲህ ሆነ። ቀን አንድ ሆቴል ውስጥ የመብራት መስመር እጠግናለሁ። ማህሌትን ጎረቤት እኛው ቤት መጥታ ታይልኛለች። ማታ መጥቼ አበላታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ አስተኛታለሁ። ከዚያ መጥረጊያ አንሥቼ ቤቱ መሐል እቆማለሁ። ስጠርግ አቧራው ከመሬት ተነሥቶ ጣራ ይደርስና፣ እኔ ስተኛ እሱም ተመልሶ ይተኛል። ውሃ መርጨቱን ሞከርኩት። ጭቃ ሆነ።

ወሬው ባሕር ተሻገረ። ታላቅ እህቴ አስናቁ ቤይሩት ናት። የየሺ ታናሽ እህት ሰላም ዱባይ ናት። ሁለቱም የሰው ቤት ያጸዳሉ። ስለ ቤት ጽዳት ከነሱ ጋር መከራከር ከየኔታ ጋር በዳዊት መከራከር ነው። አስናቁ ለወንድሟ ማድላቷ አይገርምም። የገረመችኝ ሰላም ናት።

"እናትሽ እኮ ናት ልጅቷን የምትፈልገው" አልኳት በስልክ።

"እኔንስ ያሳደገችኝ ማን ሆነና ነው?" አለችኝ። "አውቃታለሁ። አንተው ጋ ትሁን።"

ሴት የላከው ሞት አይፈራም ይባላል። ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ፣ በሁለት የተለያዩ መንገደኞች እጅ፣ አንዱ ሻንጣ ውስጥ ሌላው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ዕቃ ላኩልኝ። ስከፍታቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ከሥራቸው ጎማና ብሩሽ ያላቸው፣ ራሳቸው እየዞሩ ቤት የሚጠርጉ፣ ጠርገው ሲጨርሱም በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውሉ ማሽኖች። አስናቁ የላከችው ጥቁር ነው። ሰላም የላከችው ነጭ ነው። ጥቁሩን ቤይሩት፣ ነጩን ዱባይ አልኳቸው። ሀብታም ሰው ቤት የሚገኙ፣ ሲያዩዋቸው የሚያስፈሩ ዕቃዎች ነበሩ። የሁለቱም እመቤቶች አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ለሠራተኞቻቸው የሰጡት ነው፤ አሮጌ መሆኑ ግን እኔ ቤት ሲገባ አልታወቀም።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ አልኩ። እህቶቻችን ግን ሁለት መድኃኒት አንድ ሆድ ውስጥ እንደማይስማማ ወዲያው አሳወቁኝ።

"የሰላም ማሽን ዓይኑ ብዙ ነው እንጂ ሆዱ ባዶ ነው" አለችኝ አስናቁ። "ጨርቁም ወለሉን ያባብለዋል እንጂ አያጥበውም። የኔን አስነሣው፣ ወለሉን እንደ ነብር ነው የሚቧጥጠው።"

"የአስናቁ ማሽን ፀጉር ካገኘ ይታነቃል" አለችኝ ሰላም። "አሠሪዎቼ ሌላው ቤታቸው ያላቸው እንደሱ ያለ ነው። ስንቴ በመቀስ አዋልጄዋለሁ መሰለህ!"

ይህን ለአስናቁ ባደርስላት "ይታነቃ!" አለች። "የሚታነቀው የሚበላ ነው።"

እኔም ላወዳድር ተነሣሁ። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። "ሞላ አገባ፣ ያውም ሁለት" እያሉ ሳቁብኝ፤ ከሙሽሮቹ የቷ ታላቅ እንደሆነች የጠየቀኝም አለ። ገና ወጣት ነህ፣ የእገሌ ልጅ አለችልህ፣ ሙያዋ ከየሺ አያንስም እያሉ ወራቱን ሙሉ ያደከሙኝ ሰዎች ናቸውና፣ ማሽን ላይ መሳቃቸው ቀለለኝ።

መጀመሪያ ድምፅ። ቤይሩት ሲነሣ ወፍጮ ቤት ነው። የጎረቤት ፍየል ገመዷን በጥሳ ሄደች። ዱባይ ግን በልቡ ዳዊት እንደሚደግም መነኩሴ እምምም ይላል እንጂ ሰው አይረብሽም። እዚህ ላይ ዱባይ በለጠ።

ቀጥሎ ሆድ። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊቱ ሊሾ ነው፤ የሺ ለምና ለምና ያስደረገችው ሲሚንቶ። ጓዳው ግን በእበት የተለቀለቀ መሬት ነው። ሊሾው ላይ ሁለቱም ጎበዝ ናቸው። ቤይሩትን ጓዳ ባስገባው ግን ጉድ ፈላ። መሬት ላይ አቧራ ያልቃል እንዴ? መጠረግ ያለበትንና ቤቱ የቆመበትን የሚለይበት ዘዴ ስላልነበረው፣ ወለሉን ይበላ ጀመር። ቢተዉት ኖሮ ከአለቱ ሳይደርስ አይመለስም ነበር፤ ያው በኛ አገር አለት መፈልፈል የተለመደ ነው።

ከዚያ ውልወላ። ዱባይ እርጥብ ጨርቁን እየጎተተ ጓዳ ገባና እበቱን አራሰው። ቤቱ በረት በረት ሸተተ። ልሳቅ ብዬ አፌን ስከፍት ዓይኔ ወለሉ ላይ ወደቀ። የሺ ለመጨረሻ ጊዜ የለቀለቀችው ነው። የመዳፏ ዙር፣ የጣቶቿ መስመር፣ ግማሽ ጨረቃ ግማሽ ጨረቃ እየሆነ እስከ ግድግዳው ይታይ ነበር። ዱባይ የደረሰበት ጋ አይታይም። ዘልዬ አነሣሁት። በዚያው ቀን የጓዳው በር ሥር ጣውላ መታሁ፤ ከዚያ ወዲያ የትኛውም ማሽን አልተሻገራትም።

ዱባይ ሌላም ጠባይ ነበረው። ዓይን ስላለው ቤቱን ዞሮ ካርታውን ስልኬ ላይ ይሥላል። ሣለልኝ። አየሁት። ቤቴ እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሦስት ሆነን ስንኖርበት ሰፊ ነበር።

የመጨረሻው የፀጉር ነገር ነው። አንድ ቀን ቤይሩት አልጋ ሥር ገብቶ ሲያጓራ ቆየና ቀጥ አለ። ሰላም እንዳለችው ታንቆ ነው። ገለበጥኩት። ብሩሹ ላይ ፀጉር ተጠምጥሟል። የማህሌት ፀጉር ገና ጣት አይሞላም። የኔ ሁልጊዜ የተላጨ ነው። ይሄ ረጅም ነው፣ ጥቁር ነው፣ ጫፉ ላይ የሂና ቅላት አለው። የሺ ለጥምቀት ሂና ትቀባ ነበር።

መቀሱን አስቀመጥኩት። መሬት ላይ ተቀምጬ አንድ አንድ እያልኩ ፈታሁት።

ዱባይ ቢሆን ዋጥ አድርጎ ከአቧራው ጋር ይደፋው ነበር። ማሽን ሻጮች እንግዲህ ፀጉር የማያንቀውን ነው ውድ የሚሉት። እኔ በዚህ ነጥብ ለቤይሩት ሰጠሁ። ለአስናቁም ለሰላምም ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

እንግዲህ ከሁለቱ ለፈተናው ቀን የትኛውን ላሰልፍ? ነገሩን የቆረጠልኝ የሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በየትኛውም አገር ማሽን ሲወዳደር የማይጠየቅ ጥያቄ። በዓል ያከብራል ወይ?

አትሳቁ። ላስታ ውስጥ በበዓል ቀን የሠራ ሰው ለራሱ ብቻ አይደለም ኃጢአቱ፤ በረዶ አምጥቶ የጎረቤቱን እህል ያስመታል። ኅዳር ላይ ደግሞ እህሉ ደርሶ ሜዳ ላይ ነው። ቤይሩት ቁልፉን ካልነኩት አይነሣም፤ ግን የነካሁት እኔ ስለሆንኩ ሥራው የኔ ነው። ዱባይ በስልክ ይታዘዛል። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሥ ካሉት ይነሣል፣ በዚህ ቀን ዕረፍ ካሉት ያርፋል። ስልኩ ላይ የዕረፍት ቀን መሙያ ቦታ አለው። እሁድን ሞላሁ። ከዚያ እማማ ዘውዴን አሰብኩና፣ ለእመቤታችን ብዬ በየወሩ ሃያ አንድን ሞላሁ። ሲገባው "እሺ" የሚመስል ድምፅ አሰማ። ክርስቲያን ማሽን አገኘሁ አልኩ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። መንደሩ ሁሉ የዓመት ቆሻሻውን ሰብስቦ ደጅ ለደጅ የሚያጥንበት ቀን ነው። ጭሱ ሰማይ ነክቷል። ዱባይ ግን በዚያን ቀን ከጥጉ ንቅንቅ አላለም። ሰው ሁሉ ሲያጸዳ መጥረጊያው ተኛ። እኔ ሞኙ ምን አልኩ? "ሳላዘው ሚካኤልንም ያከብራል!" ብዬ ተደነቅኩ። ለጎረቤትም አወራሁ።

እማማ ዘውዴ የመጡት ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነው። ሙት ዓመቱ በዚያው ሳምንት ነበር። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ሊሾውን ረገጡት፣ ቆም ብለው የእግራቸውን ሥር አዩ። የአልጋውን ጠርዝ በጣታቸው ጠረጉ፣ ጣታቸውን ወደ ብርሃን ያዙት።

"ሰው ቀጠርክ?" አሉኝ።

"አይ እማማ። መጥረጊያ ነው።"

"መጥረጊያማ እኔም አለኝ" አሉ፣ እንዳላመኑኝ ሁሉ።

የጓዳውን ጣውላ አዩ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተሻገሯት። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ስለ ወለሉ አንድም ቃል አልተናገሩም። ማህሌትን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፣ እግሯን ዳሰሱ።

"ዛሬም አትሄድም?"

"ዳዴ ትላለች።"

"ዳዴማ ተዝካሩ ላይም ትል ነበር። እናቷ በዚህ ዕድሜዋ ዶሮ ታባርር ነበር። ይቺ ምኗ ጎደለና ነው? እጇን ይዞ ወዲያ ወዲህ የሚላት ሰው ስለሌለ ነው። ወለሉስ ጸዳ፤ ማን ሊሄድበት ነው?"

ስለ ቤቱ ብቻ ሳጠና ስለ ልጅቷ የሚጠየቀውን ሳላጠና ፈተና ገብቻለሁ።

በማግስቱ ሳይነጋ ቤተ ማርያም ደጅ ስመው፣ ሲመለሱ መምሬ ይመርን አስከትለው መጡ። መምሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ መስቀላቸውን አሳለሙን። ማህሌት ከአያቷ እግር ሥር ቁጢጥ ብላለች። ስለ ሙት ዓመቱ ጸበል ማውራት ገና ከመጀመራችን ጥጉ ላይ "ጲጵ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ዱባይ ዓይኑን አበራ፣ ወጣ፣ መሬቱን ይዞ ቀጠለ። እምምም።

"ምንድን ነው እሱ?" እማማ ዘውዴ እግራቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ።

"መጥረጊያው ነው" አልኩ፣ ጀርባዬን ላብ እያጠመቀው።

"ዛሬ? በጽዮን?"

"እማማ፣ ዕረፍ ብዬው ነበር። ሃያ አንድ ቀን ዕረፍ ብዬ ነግሬዋለሁ" አልኩና፣ እዚያው ቆሜ ነገሩ ተገለጠልኝ። የማሽኑ ሃያ አንድ የፈረንጅ ሃያ አንድ ነው። የፈረንጆቹ ሃያ አንድ የዋለው የኛ አሥራ ሁለት ቀን ነበር። ሚካኤልን ያከበረው ለማርያም ብሎ ነው። "የፈረንጅ ሃያ አንድ መስሎት ነው እማማ።"

"ጽዮን ፈረንጅ ናት?"

ስልኬን አወጣሁ። ኔትዎርክ የለም። መምሬ ግን አንገታቸውን አስግገው ማሽኑን ያዩት ነበር፤ ደስ ያላቸው ይመስላል።

"እንግዲህ ዘውዴ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይኼ ነገር ክርስትና አልተነሣም። በዓሉ አይመለከተው ይሆናል።"

"በሬውስ ክርስትና ተነሥቷል አባቴ? በጽዮን ይጠመዳል?"

መምሬ ጺማቸውን ያዙ። "በሬስ አይጠመድም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ... በሬ ይደክመዋል። ይኼ የሚደክመው አይመስልም።"

"እንዲያው ባይደክመው ጠማጁ አለ አይደል? እሱስ ክርስትና ተነሥቷል!" አሉና ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ቁጣው ወጣና ሐዘን ብቻ ቀረበት። "በዓል በማይከበርበት ቤት ልጄን አላስቀምጥም። ሙት ዓመቱን አውጥተን ይዣት እሄዳለሁ። አባቴ፣ እርስዎም ይመስክሩ።"

መምሬ አንገታቸውን ደፉ። ያ ፍርድ ነበር። እኔ ማሽኑን ላንሣው ጎንበስ አልኩ። ቁልፉን አልነካሁትም። ያልነካሁት ማህሌት ስለቆመች ነው።

የአልጋውን እግር ይዛ ነው የቆመችው። ዱባይ በፊቷ አልፎ ወደ በሩ ይሄዳል። በየቀኑ በዳዴ የምትከተለው ጓደኛዋ ነው፤ ዛሬ ግን ሰው በዝቶ መንገዱን ዘግተንባታል፣ በዳዴ የምታልፍበት የለም። የአልጋውን እግር ለቀቀች። ሁለት እጇን ከፍ አደረገች፣ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው። አንድ ተራመደች። ሌላ ተራመደች። ማሽኑ ሄደ፣ እሷም ሄደች። በሩ ጋ ሲደርስ ማሽኑ ዞረ፤ እሷም ልትዞር ስትል በቂጧ ዘፍ አለችና ሳቀች።

እማማ ዘውዴ እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት ወጣ። "ጽዮን ማርያም አስኬደችልኝ!" ብለው መሬት ሳሙ፣ ልጅቷን ሳሙ፣ እኔን ሳሙ፤ ደስታ አሳውሯቸው ማሽኑንም ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ያስኬዳት ማን እንደሆነ በልቤ ብከራከርም አፌን ዘጋሁ። በኋላ ሳስበው ደግሞ፣ በዚያ ቀን ማሽኑን ያስነሣው ማን ነው? ሃያ አንድን ከሃያ አንድ ያቀያየረውስ? ይቅር። እዚያ ውስጥ አልገባም።

"ዘውዴ" አሉ መምሬ፣ ፈገግታቸውን በጺማቸው ሸፍነው፣ "አሁንስ ኃጢአት ነው ወይስ ተአምር?"

"ሥራው ኃጢአት ነው" አሉ እማማ ዘውዴ ሳያመነቱ። "እግሯ ተአምር ነው።"

ከዚያ ልጅቷን አቅፈው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ደስታው ቀስ በቀስ ሲጠፋ አየሁት። ወለሉ ንጹሕ ነው። ልጅቷ ሄደች። ይዘውት የመጡት ምክንያት ሁሉ ከእጃቸው ወጥቷል። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

"ይቺን ሳልይዝ ምን ይዤ ነው የምመለሰው?" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሞተችው የኔ ሚስት ብቻ ነበረች። የሳቸው ልጅ መሆኗን አውቀዋለሁ፤ ግን አውቀዋለሁ እንጂ አስቤው አላውቅም ነበር።

"እማማ፣ በፈለጉ ጊዜ ይውሰዷት" አልኩ። "ቤቷ እዚህ ይሁን እንጂ የርስዎም ናት።"

እንባቸውን ጠረጉ። ትንሽ አሰቡ። ድምፃቸው ለስልሶ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ አንጀት በሚበላ ትሕትና እንዲህ አሉ፤

"እኔ ብዙ አልልም ልጄ። ካንተው ትደግ። ለበዓል ለበዓል ብቻ ትምጣልኝ።"

ይህን ያህል ትንሽ ልመና ሰምቼ አላውቅም። ተንደርድሬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። "እሺ እማማ፣ ለበዓል ለበዓል" አልኩ። መምሬ መስቀላቸውን አንሥተው "ይጽና" አሉ። ሲያሳርጉ ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ለቅሶ መስሎኝ ነበር።

በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ያለው ሰው እኔን አላየኝም እንጂ ስሜን ጨምሮ ይናገር ነበር። የገባኝ ሙት ዓመቱ አልፎ፣ ታኅሣሥ ጠብቶ፣ እማማ ዘውዴ ነጭ ለብሰው በር ላይ ሲቆሙ ነው። ልደታ ነበር። ከዚያ በዓታ መጣ። ከዚያ ሥላሴ። ሚካኤል። ኪዳነ ምሕረት። ገብርኤል። እመቤታችን። ጊዮርጊስ። መድኃኔዓለም። በዓለ ወልድ። ይህ ሁሉ በየወሩ ነው፤ የዓመቱ አልተቆጠረም፣ እሁድ አልተቆጠረም። ላስታ ውስጥ ከሥራ ቀን ይልቅ በዓል እንደሚበዛ የማያውቅ ሰው ቢኖር ማሽኑና እኔ ብቻ ነበርን። እማማ ዘውዴ ልጅቷን ጨርሰው ቢወስዷት ኖሮ እኔም "ለበዓል ትምጣልኝ" ብዬ እለምን ነበር፤ ያኔ የተሻለው ድርሻ የኔ ይሆን ነበር።

መምሬ ይመርን መንገድ ላይ ሳገኛቸው "አባቴ፣ ያን ጊዜ ቢነግሩኝስ?" አልኳቸው።

"አልጠየቅከኝማ" አሉ።

ቅር ብሎኝ እንደሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ብሎኛል። ከዚያ አንድ እሁድ እኔም ተከትያቸው ገነተ ማርያም ሄድኩ፤ የጭነት መኪና ላይ ሦስታችንም ተጫንን። እማማ ዘውዴ ማህሌትን ግቢያቸው ውስጥ ለቀቋት። ዶሮ አየች። ተነሥታ አባረረቻት። አያትየዋ ያን ጊዜ የጠሩት ስም የማህሌትን አልነበረም፤ እኔም አላረምኳቸውም።

አንድ የበዓል ዋዜማ ላይ ሰላም ከዱባይ ደወለችልኝ። አስናቁም በሌላው ስልክ አብራ አለች፤ ሁለቱ ክርክራቸውን ሊጨርሱ ተስማምተው ነው የደወሉት።

"እሺ ሞላ፣ ቁርጡን ንገረን" አለች ሰላም። "ከሁለቱ የቱ በለጠ?"

"እናትሽ" አልኳት።

ሳቀች፤ ቆይቶ ግን የምትስቅ አልመስልህ አለችኝ። አስናቁ "ምን አለ? ምን አለ?" ትላለች። ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሐል አድርጌ የማህሌትን ነጭ ቀሚስ አጣጥፍ ነበር። በማግስቱ ገብርኤል ነው፤ እማማ ዘውዴ ሊወስዷት ይመጣሉ። አቧራ የሚያስነሣ እግር ቤት አይኖርም።